አንደበቱ ለተዘጋ ሰው ማን ይመልስለታል?



ሰው የሚናገር ፍጥረት ነው ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅዱስ መጽሐፍ ከዚህ የሚቀድም ነገር ያስተምረናል። ሰው ገና አንዲት ቃል ሳይመልስ እግዚአብሔር አነጋግሮታል፤ ባርኮታል፣ ሥራም ሰጥቶታል (ዘፍ. 1፥28)። ሕፃናትንም የምናጠምቃቸው መልስ ስለሚሰጡን አይደለም፤ ቀድሞ በቃሉ የጠራቸው እርሱ ስለ ሆነ ነው እንጂ። እንግዲህ የሰው ክብር በአንደበቱ ላይ የተመሠረተ ቢሆን ኖሮ፣ አንደበት ሲጠፋ ክብሩም አብሮ በጠፋ ነበር። ክብሩ ግን በጠራው አምላክ ላይ ስለ ተመሠረተ ዝም ያለውም ሰው ሰው ነው።

ይህን ሁላችንም እናምናለን። ነገር ግን ከዚህ እምነት የሚከተል አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ትናንት ሲናገር፣ ሲያዝዝ፣ ሲቀልድ የነበረ ሰው ራሱን ክፉኛ ተመትቶ ዛሬ ቃል ማውጣት ቢሳነው፣ ስለ እርሱ መልስ የመስጠት መብት የማን ነው? የሚስቱ ነውን? የወንድሙ ነውን? የሐኪሙ ነውን? ወይስ አንደበቱ ቢዘጋም መልሱ እስከ መጨረሻው የራሱ ሆኖ ይኖራል?

ይህ ጥያቄ በጅቡቲ ወደብ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. ከተነሣው ጦርነት ወዲህ አብዛኛው የአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ የሚመላለሰው በዚህ በር ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ አርጅቶ በ2016 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ቢመረቅም፣ እጅግ የሚበዛው ጭነት ዛሬም በተሳቢ መኪና ይጓጓዛል። ሾፌሩና ረዳቱ ከዶራሌ ጭነው፣ በዲኪልና በጋላፊ አልፈው፣ በሠመራና በሚሌ አድርገው ወደ አዋሽ ይወጣሉ። ሙቀቱ ብርቱ ነው፣ እንቅልፉ ጥቂት ነው፣ መንገዱም በከባድ መኪና የተጨናነቀ ነው። አንዱ በግጭት፣ ሌላው ከጭነት ላይ ወድቆ ራሱን ይመታል። የደጋ ምእመናን ሆይ፣ እነዚህ የእናንተ ልጆች ናቸው።

በወደቡ ከተማ የመንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ነው፤ ሕዝቡም በሶማልኛና በአፋርኛ ይነጋገራል። እንግዲህ ከወሎ ወይም ከሸዋ የመጣ አንድ ረዳት በዚያ ራሱን ተመትቶ ተኝቷል እንበል። አንደበቱ በጉዳቱ አንድ ጊዜ ተዘግቷል፤ በቋንቋው ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ተዘጋ። በማያውቀው ቋንቋ ዐይንህን ጨፍን ቢባልና ባይጨፍን፣ አእምሮው ስለ ጠፋ ነው ወይስ ቃሉ ስላልገባው? ደግሞም የእኛ አገር ሰው አዎን ሲል ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ቅንድቡን ከፍ እንደሚያደርግ እናውቃለን። ይህን ልማድ የማያውቅ ሰው አዎንታውን የሕመም ትንፋሽ አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። ስለዚህ የሚያውቀውን ቋንቋ የሚናገር አንድ ወንድም በአልጋው አጠገብ መቆሙ ከመድኃኒት የማያንስበት ጊዜ አለ።

ራስ ክፉኛ ሲመታ ጉዳቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ዐይኑን ጨፍኖ ይተኛል፤ ቢቀሰቅሱትም አይነቃም። ሁለተኛው ዐይኑን ይገልጣል፣ ያንቀላፋል፣ ይነቃል፤ ነገር ግን ማወቁ በውጭ አይታይበትም። ሦስተኛው አንድ ጊዜ ያስተውላል፣ አንድ ጊዜ ይጠፋበታል፤ ጠዋት እጅ ጨብጥ ሲሉት ጨብጦ ከቀትር በኋላ አይመልስም። አራተኛው ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያስተውላል፤ ሆኖም ከዐይኑ በቀር የሚታዘዝለት አካል የለውም። አምስተኛውም ከንፈሩና ምላሱ ሳይታሰር ቃላቱ ራሳቸው ይጠፉበታል፤ ውሃ ሊል ሲፈልግ ሌላ ቃል ይወጣዋል። ከውጭ ለሚመለከት ዘመድ እነዚህ ሁሉ አንድ ይመስሉታል። «እሱማ አልቆለታል» ይባላል፤ ይህም የሚባለው በራስጌው ቆመው፣ ጆሮው እየሰማ ነው።

ሐኪሞችም ቢሆኑ በዚህ ነገር ይስታሉ። የቤልጅየም ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሐኪሞቻቸው ተስማምተው ምንም አያውቁም ያሏቸው 44 ሕሙማን ነበሩ፤ ለዚሁ በተዘጋጀ መለኪያ በጥንቃቄ ሲመረመሩ ግን በ18ቱ የማስተዋል ምልክት ተገኘ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በልዩ ልዩ አገሮች ካሉ ስድስት የሕክምና ማዕከሎች የተሰበሰበ ሌላ ጥናት ታተመ። ሲታዘዙ በውጭ የሚታይ አንዳች ምላሽ የማይሰጡ 241 ሕሙማን አንጎላቸው በመሣሪያ ሲታይ፣ በ60ው ትእዛዙን ሰምተው በሐሳባቸው እንደሚፈጽሙ የሚያሳይ ምልክት ተገኘ። ይህም ከአራቱ አንዱ ማለት ነው። እጁን አንሣ ሲባል እጁ ባይነሣም በልቡ ያነሣው ነበረ።

ይህን ስሰማ ካህኑ ዔሊ ትዝ ይለኛል። ሐና በእግዚአብሔር ፊት ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም ነበር፤ ዔሊም ሰክራለች ብሎ ፈረደባት (1 ሳሙ. 1፥12-17)። ዔሊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በመቅደስ ያረጀ አገልጋይ ነበር። ነገር ግን የማይሰማውን ድምፅ እንደሌለ ቈጠረው። ይሁን እንጂ ሐና መልስ ስትሰጠው ሰማ፤ ፍርዱንም ትቶ ባረካት። ከዔሊ መሳሳቱን ብቻ ሳይሆን መስማቱንም ልንማር ይገባናል።

መልስ የሚሰጥበት መንገድ ለጠፋበት ሰው ግን አስቀድሞ መንገዱ ሊበጅለት ያስፈልጋል። ይህም በወንጌል ውስጥ ምሳሌ አለው። ዘካርያስ በመቅደስ አንደበቱ ከተያዘ በኋላ ልጁ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ጎረቤቶችና ዘመዶች ተሰብስበው ሕፃኑን በአባቱ ስም ሊጠሩት ፈለጉ (ሉቃ. 1፥57-64)። ኤልሳቤጥ አይሆንም ብትል ከዘመድ በዚህ ስም የተጠራ የለም ብለው ተቃወሟት። በመጨረሻም አባቱን በምልክት ጠየቁት፤ እርሱም የሚጽፍበት ነገር ለምኖ ዮሐንስ የሚለውን ስም ጻፈ። ልብ አድርጉ! ዘመዶቹ መልሱን አስቀድመው ያወቁት መስሏቸው ነበር። ለአባቱ ክብር ሲሉም ያደረጉት ይመስላቸው ነበር። ነገር ግን መጻፊያው በእጁ በገባ ጊዜ የሰጣቸው መልስ እነርሱ ከጠበቁት ሌላ ሆነ። በፍቅር የሚደረግ እርዳታ መለያው ይህ ይመስለኛል፤ ለተረጂው እኛ ያልወደድነውን መልስ ለመስጠት የሚያስችለው መሆኑ ነው።

ደግሞም የነገሩን ተራ ተመልከቱ። አንደበቱ የተፈታው ከጻፈ በኋላ ነው። ከወንድሞቻችን አንዳንዶቹ፣ ለሕመምተኛ እንዲህ ያለ መሣሪያ ማበጀት በእግዚአብሔር ፈውስ አለመታመን ነው ይላሉ። ዘካርያስ ግን አንደበቱ እንደሚፈታለት ከመልአኩ ሰምቶ ሳለ መጻፊያ ከመለመን አልተከለከለም። ፈውስን መጠበቅና ዛሬ ወንድሙን የሚያነጋግርበትን መንገድ መሻት አይጣሉም።

መንገዱስ እንዴት ይበጃል? በፈረንሳይ አገር ዣን ዶሚኒክ ቦቢ የሚባል የመጽሔት አዘጋጅ በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. የአንጎሉ ግንድ ተጎድቶ ከግራ ዐይኑ ሽፋን በቀር መላ አካሉ ታሰረ። አስታማሚዎቹ የፈረንሳይኛን ፊደላት አዘውትረው በሚመጡበት ተራ እየጠሩለት፣ የሚፈልገው ፊደል ሲደርስ ዐይኑን ይጨፍን ነበር። በዚህ ዓይነት አንድ መጽሐፍ አስጻፈ፤ መጽሐፉም በ1997 እ.ኤ.አ. እርሱ ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ታተመ። ለዚህ ሥራ ያስፈለገው ብዙ ገንዘብ አልነበረም፤ ፊደል የሚጠራ ታጋሽ ሰው ነበረ።

የእኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ ሥራ እንደ ተዘጋጀ ያህል ነው። በልጅነታችን በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየነው ገበታ 33 ረድፍና 7 ዐምድ አለው። አስታማሚው ረድፎቹን እየጠራ ይጠይቃል፤ ሕመምተኛው በዐይኑ አዎን ሲል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ይጠራለታል። ውሃ ለማለት ቢፈልግ ወ አሥራ ዘጠነኛው ረድፍ፣ ው ስድስተኛው ዐምድ ነውና 25 ጊዜ ይጠየቃል፤ ለሃ ደግሞ 5 ጊዜ፤ በድምሩ 30 ይሆናል። ለደከመ ሰው ይህ ብዙ ነው። ነገር ግን ሐ፣ ሠ፣ ኀ፣ ዐ፣ ፀ በድምፅ ከሚመስሏቸው ጋር ቢጠቃለሉ 28 ረድፍ ይቀራል፤ ይህም በአራት ክፍል ሲከፈል እያንዳንዱ ሰባት ይደርሰዋል። አስቀድሞ ክፍሉን፣ ቀጥሎ ረድፉን፣ በመጨረሻም ዐምዱን ብንጠይቅ ውሃ በ17 ጥያቄ ይገኛል። ሳድስ በቋንቋችን አዘውትሮ ስለሚመጣ ከዐምዶቹ ሁሉ በፊት ብናስቀድመው ጥያቄው ወደ 13 ይወርዳል። ለዚህ ሁሉ አንድ ካርቶንና አንድ እርሳስ ይበቃል።

ማንበብ ለማይችል ሥዕል ይሳልለታል፤ ውሃ፣ ሕመም፣ ሙቀት፣ ስልክ፣ እናት፣ ጸሎት። ሥዕሎቹን በጣት እያሳዩ በዐይኑ እንዲመርጥ መጠየቅ ነው። ሕመምተኛው በዐይኑ መከተል መቻሉን ለማወቅም መስታወት በፊቱ ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ ከሌላ ዕቃ ይልቅ እንደሚጠቅም ሐኪሞች አረጋግጠዋል፤ ሰው የራሱን ፊት በዐይኑ ይከተላልና። ከዚህ የሚበልጡ መሣሪያዎችም አሉ። የዐይንን እንቅስቃሴ የሚከታተል ካሜራ ያለው ኮምፒዩተር በማየት ብቻ ያጽፋል። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች ከ18 ዓመት በፊት አካሏ ታስሮ ቃል ማውጣት ለተሳናት ሴት በአንጎሏ ላይ 253 ጥቃቅን የኤሌክትሪክ መቀበያዎች ያሉት ስስ ገበታ አድርገው፣ ልትናገር ያሰበችውን በደቂቃ እስከ 78 ቃል በድምፅ እንዳሰሙላት ታውቋል። ስለዚህ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ሆኖም ያ መሣሪያ እስኪደርሰን ድረስ ካርቶኑን አንናቀው።

ቃላቱ ራሳቸው ለጠፉበት ሰው ግን የፊደል ገበታም ላይጠቅመው ይችላል። ለእርሱ ሌላ በር ሊኖር ይችላል። በ1745 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ኦሎፍ ዳሊን ቀኝ ጎኑ ደርቆ ንግግር ስለ ጠፋበት ሰው ጽፎ ነበር። ያ ሰው ከመታመሙ በፊት ያጠናቸውን መዝሙሮች ከቃላቸው ጋር አጥርቶ ይዘምር ነበር፤ የሚያስፈልገውም አንድ ሰው መጀመሪያውን አብሮ እንዲያነሣለት ብቻ ነበር። የዛሬ ሐኪሞችም መናገር ያቃተው ሰው መዘመር እንደሚችል ብዙ ጊዜ ያያሉ፤ በዜማም ንግግርን ያለማምዳሉ። ሕሙማንን የምትጎበኙ ሆይ፣ እየዘመራችሁለት ብቻ አትመለሱ፤ የሚያውቀውን መዝሙር አንሡና በመካከል ዝም በሉለት፤ ምናልባት የቀረውን እርሱ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና እንምጣ። ሰው ዝም ሲል ዝምታውን በራሳችን ቃል መሙላት እንወዳለን። «ይህን ይፈልግ ነበር» እንላለን፤ የምንለውም ብዙ ጊዜ እኛ የምንፈልገውን ነው። በቤልጅየም አንድ ለብዙ ዓመታት ምንም አያውቅም የተባለ ሰው፣ ረዳቱ እጁን ይዛ በመጻፊያ ሰሌዳ ላይ እየመራችው ረጅም ነገር እንደ ጻፈ በ2009 እ.ኤ.አ. ዓለም ሁሉ ሰማ። ኋላ ግን ረዳቲቱ ወደ ውጭ ወጥታ ሳለች ዕቃ ታይቶት፣ ተመልሳ እጁን ስትይዝ ምን እንዳየ ቢጠየቅ መልሱ አልተገኘም። የተጻፈው ቃል የእርሷ ነበር። ልታታልል አላሰበችም ይሆናል፤ ነገር ግን መውደዷ የእርሱን ቃል በራሷ ቃል ተካው። ያ ሰው በእርግጥ አእምሮ ቢኖረው ኖሮ ከዚህ የባሰ ዝምታ ምን አለ? በራሱ ስም ሌላ ሰው እየተናገረ ይሰማ ነበርና።

ስለዚህ የሕመምተኛውን መልስ በጥንቃቄ እንመርምር። የሚጠይቀው ሰው መልሱን የማያውቀውን ነገር ይጠይቅ። ጥያቄውን ገልብጦ ደግሞ ይጠይቅ፤ ሕመም አለህን ካለ በኋላ ሕመም የለህምን ይበል። በማግስቱም ይድገመው። እጁን አይያዝ፣ አይቸኩል፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላልና። በተለይም የማያውቀውን ሰው አውራ ጣት በቀለም ነክሮ በውክልና ወረቀት ላይ ማሳረፍ፣ ቤቱንም መኪናውንም በስሙ መሸጥ፣ በእግዚአብሔር ፊት ስርቆት ነው። አባቶቻችን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይላሉ። የሕመምተኛ አጥር የሚነቀነቀው አስቀድሞ በልባችን እንደ ሞተ ስንቈጥረው ነው።

ሌላም ጥያቄ ይነሣል። ሐዋርያው ሰው በአፉ እንዲመሰክር አስተምሯል (ሮሜ 10፥9-10)፤ አፉ የተዘጋው እንዴት ይመሰክራል? እንዴትስ ወደ ጌታ ራት ይቀርባል? ያው ሐዋርያ እምነት ከመስማት እንደሚመጣ ያስተምራል (ሮሜ 10፥17)፤ የምንጸልየውን ባናውቅ መንፈስ ቅዱስ በማይነገር መቃተት ስለ እኛ እንደሚማልድም ይናገራል (ሮሜ 8፥26)። ጌታ የሚሻው ምስክርነት የከንፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኀጢአትህን ያስተሰርይልህ ዘንድ በክርስቶስ ታምናለህን ተብሎ በዐይኑ አዎን ያለ ሰው መስክሯል። መጋቢው ቃሉን በሚያውቀው ቋንቋ በዝግታ ይንገረው፤ እስኪመልስም ይጠብቀው።

ነገር ግን ሕመምተኛው መንገድ አግኝቶ በመጀመሪያ የተናገረው ቃል «መሞት እፈልጋለሁ» ቢሆንስ? ይህን ሳንፈራ ልናስብበት ይገባል፤ የምንሰጠው ሰሌዳ የምስጋና ቃል ብቻ የሚጻፍበት አይደለምና። ኢዮብም የተወለደበትን ቀን ረግሟል (ኢዮ. 3)። ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የሳቱት ሊከራከሩት በጀመሩ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል አንደምስሰው፣ አንቈጣውም፤ የአንድ ቀንን ቃልም የመጨረሻ ፈቃዱ አናድርገው። ሕመሙን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ብቸኝነቱን እንጠይቀው፤ ነገም ተመልሰን እንጠይቀው። ነፍስን የሚሰጥና የሚወስድ እግዚአብሔር ነው፤ የወንድምን ልቅሶ መስማት ግን ለእኛ ተሰጥቷል።

ምንም መንገድ ቢፈለግ የማይመልስም አለ። ለእርሱ መልስ ባይኖረንም የሚቀርለት ነገር አለ። በስሙ እንጥራው፣ ስንነካው አስቀድመን እንንገረው፣ በፊቱ እንደ ሌለ አድርገን ስለ እርሱ አናውራ። ሕፃን ሳለ በጥምቀት በስሙ ሲጠራ መልስ አልተጠየቀም ነበር፤ ዛሬም ስሙን ለመጥራት መልሱን እንደ ዋጋ አንጠይቀው።

እንግዲህ በደጋ ያላችሁ ጉባኤዎች ሁሉ፣ ንግግርን የሚያስለምድ የሠለጠነ ባለሙያ በአገራችን በጣም ጥቂት ነውና ባለሙያ እስኪመጣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። በየቤተ ክርስቲያኑ ያለው የሕሙማን ጉብኝት ማኅበር አንድ የፊደል ካርቶን፣ አንድ የሥዕል ካርቶንና አንድ መስታወት ያዘጋጅ። ልጃችሁ በባዕድ ከተማ ቢተኛ፣ አዎንታውና እምቢታው ምን ዓይነት እንደ ሆነ በዚያ አገር ቋንቋ አስጽፋችሁ በራስጌው ስቀሉለት። ከሁሉ ይልቅ በአልጋው አጠገብ ጠይቆ ለመቈየት ጊዜ ያለው ሰው ላኩለት፤ ጠይቆ የሚሮጥ ሰው አልጠየቀምና።

ጌታችን ደንቆሮውንና ኰልታፋውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ብቻውን ወሰደው፤ ጆሮውንና ምላሱን ዳሰሰ፣ ወደ ሰማይም አሻቅቦ አይቶ ቃተተ (ማር. 7፥32-35)። ለዚያ ሰው ጊዜ ሰጠው፣ በሚያስተውለውም ምልክት ተናገረው። ለእኛም ለዝምተኛው ወንድማችን የሚበቃ ትዕግሥት፣ ቃሉንም ያለ መለወጥ የሚቀበል ልብ ይስጠን። አሜን።